የታስኮ ብርና ዊሊያም ስፕራትሊንግ

ከሜክሲኮ ዋና ከተማ ወደ ደቡብ 170 ኪሎ ሜትር ያህል ስንጓዝ በተራራ ጎን ላይ የተለጠፈች ታስኮ የምትባል ከተማ እናገኛለን። ቤቶቿ ነጭ፣ ጣሪያቸው ቀይ ሸክላ ነው። መንገዶቿ እጅግ ጠባብና ዳገታማ ስለሆኑ መኪና ሲመጣ እግረኛው ወደ ደጃፍ መጠጋት ግድ ይሆንበታል። ከመካከላቸው ሁለት ረጃጅም ማማ ያሉት የሳንታ ፕሪስካ ቤተ ክርስቲያን ይታያል። ይህን ቤተ ክርስቲያን ከ1751 እስከ 1758 ያሠራው በብር ማዕድን የከበረው ሆሴ ዴ ላ ቦርዳ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ታስኮ ከስፔኖች ዘመን ጀምሮ ብር ሲቆፈርባት ኖራለች። ብሩ ግን ይወጣል፣ ይቀልጣል፣ ተጭኖ ይሄዳል። ለከተማዋ ሰው የሚቀረው ጉድጓዱና ድካሙ ነበር። ዛሬ በብዙ አገር በአሮጌ ዕቃ ሱቅ ውስጥ የሚገኙት የሜክሲኮ የብር አምባሮች፣ ጉትቻዎችና የደረት ጌጦች አብዛኞቹ ታሪካቸው የሚጀምረው ይህ ሁኔታ ከተለወጠ በኋላ ነው። የለወጠው ደግሞ አንጥረኛ ያልነበረ፣ እጁ የሥዕል እርሳስ እንጂ መዶሻ ያልለመደ አንድ አሜሪካዊ ነው።

ከአሜሪካ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ እንዲህ ያለ ጌጥ አልፎ አልፎ ይገኛል። ያኔ እውነተኛ ብር ነው ወይ፣ የተሰበረው ማያያዣስ ይጠገን ወይስ ይተው የሚል ጥያቄ ይነሣል። ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ከመስጠት በፊት የሰውየውን ሕይወት ማወቅ ይጠቅማል፤ በጌጡ ጀርባ ላይ ያለው ማኅተም የሚነበበው በእሱ ታሪክ ነውና።

ዊሊያም ስፕራትሊንግ መስከረም 22 ቀን 1900 በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት ሶንያ በምትባል ስፍራ ተወለደ። አባቱ በሚጥል በሽታ ሕክምና ስሙ የታወቀ ሐኪም ነበር። ልጁ ግን ገና ሳያድግ እናቱንም አባቱንም አጣ፤ በደቡብ አሜሪካ ክፍለ ግዛቶች አንዷ በሆነችው በአላባማ በዘመዶቹ እጅ አደገ። በኦበርን የሥነ ሕንፃ ትምህርት ጀመረ፤ ዲግሪውን ሳይጨርስ ወጣ። እንዲያም ሆኖ የመሳል ችሎታው ግልጽ ስለነበር በኒው ኦርሊንስ የሚገኘው ቱሌን ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕንፃ መምህር አድርጎ ቀጠረው።

ኒው ኦርሊንስ በዚያን ጊዜ የደራሲያንና የሠዓሊያን መሰብሰቢያ ነበረች። ስፕራትሊንግ አንድ ቤት ተጋርቶ የኖረው ገና ማንም ከማያውቀው ወጣት ከዊሊያም ፎክነር ጋር ነው። ይህ ወጣት ኋላ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ታላቁ ደራሲ ነው። በ1926 ሁለቱ ሆነው በወዳጆቻቸው ላይ የሚቀልድ አንድ ትንሽ መጽሐፍ አሳተሙ፤ ሥዕሉ የስፕራትሊንግ፣ ጽሑፉ የፎክነር ነበር።

በዚያው ዓመት በበጋ ስፕራትሊንግ ሜክሲኮን ጎበኘ። በተከታዮቹ በጋዎችም ተመላለሰ። አገሪቱ ከረጅም አብዮት ወጥታ የራሷን ጥንታዊ ጥበብ እንደ አዲስ የምታይበት ጊዜ ነበር። ከሠዓሊው ዲዬጎ ሪቬራ ጋር ተዋወቀ፤ የጥንት ሕዝቦችን የሸክላ ምስሎችና ማኅተሞች መሰብሰብ ጀመረ። በ1929 የማስተማር ሥራውን ትቶ ለዘለቄታው ወደ ሜክሲኮ ሄደ። የአሜሪካው አምባሳደር ድዋይት ሞሮው ሪቬራ በኩኤርናቫካ ከተማ ትልቅ የግድግዳ ሥዕል እንዲሠራ ገንዘብ ሲሰጥ በመካከል ሆኖ ጉዳዩን ያስጨረሰው ስፕራትሊንግ ነው። በድካሙ ዋጋ ታስኮ ላይ ቤት ገዛ። ስለዚያ አካባቢ ኑሮ የጻፈውም መጽሐፍ በ1932 ታተመ።

ታስኮ ለዘመናት ብር ስታወጣ ኖራ የብር ጥበብ ቤት ግን እንዳልሆነች አምባሳደሩ ለስፕራትሊንግ አንሥተውለት እንደነበር ሕይወቱን የጻፉ ሰዎች ያወሳሉ። ሐሳቡ ከማንም ይምጣ፣ በሥራ ላይ ያዋለው እሱ ነው። በ1931 ዴ ላስ ዴሊሲያስ በሚባለው መንገድ ላይ ትንሽ ወርክሾፕ ከፈተ። የብር ሥራ ስለማያውቅ ከጎረቤት ከተማ ከኢጉዋላ አርቴሚዮ ናቫሬቴ የተባለ አንጥረኛ አመጣ። ስፕራትሊንግ ይሥላል፣ ናቫሬቴ ይቀጠቅጣል። በሥዕሉ ላይ ያለው መስመር በብር አልሆን ሲል አንጥረኛው ይነግረዋል፤ እሱም ያርመዋል። ቀስ በቀስ የአካባቢው ልጆች መጥተው ተቀላቀሉ። መጀመሪያ ቤት ይጠርጋሉ፣ ዕቃ ያቀብላሉ፣ ከዚያ መሞረድ፣ ከዚያ መበየድ ይማራሉ።

ጌጦቹ የአውሮፓን ፋሽን አልተከተሉም። ከጥንት የሸክላ ማኅተሞች የተወሰዱ የነብርና የእባብ ቅርጾች፣ ከገበሬው ገመድና ከፈረስ ዕቃ የተቀዱ ማያያዣዎች፣ ደመቅ ያሉ ክብ ጉብታዎች ይታዩባቸዋል። ድንጋዩም የአገሩ ነው፤ ሐምራዊው አሜቲስትና እኛ ባልጩት የምንለው ጥቁር የእሳተ ገሞራ ብርጭቆ ይገኙበታል። ከብር ጋር እንጨትና የኤሊ ቅርፊት ያጋባባቸው ሥራዎችም አሉት። ብሩ ወፍራም ነው፤ እጅ ላይ ሲያርፍ ይከብዳል።

የብሩን ንጽሕና በተመለከተ እዚህ ላይ ትንሽ ላብራራ። ንጹሕ ብር ለስላሳ ስለሆነ ለጌጥ መዳብ ይቀላቀልበታል። በዓለም ገበያ የተለመደው መጠን ከ1000 እጅ 925ቱ ብር የሆነበት ነው፤ ስተርሊንግ የሚባለው ይኸው ነው። የእኛ አንጥረኞች እያቀለጡ መስቀልና ድሪ ሲሠሩበት የኖሩት የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር 833 ያህል ነው። ከስፕራትሊንግ የመጀመሪያ ዘመን ሥራዎች ብዙዎቹ ግን 980 ናቸው። እንዲህ ያለው ብር ነጣ ያለ ውበት አለው፤ በዚያው ልክ ቶሎ ይጎብጣል። አንድ አሮጌ የታስኮ አምባር ትንሽ ተጣሞ ቢገኝ የአሠራር ጉድለት ነው ብሎ መደምደም አይገባም።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ የአውሮፓ ጌጥ ወደ አሜሪካ መግባቱ ተቋረጠ። የአሜሪካ ትልልቅ መደብሮች ፊታቸውን ወደ ሜክሲኮ አዞሩ። የስፕራትሊንግ ወርክሾፕ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ያሉት ድርጅት ሆነ። በዚሁ ጊዜ ከእሱ ዘንድ የተማሩት እየወጡ የራሳቸውን ቤት ከፈቱ። ሥራ አስኪያጁ የነበረው ሄክቶር አጊላር በ1939 የራሱን ወርክሾፕ አቋቋመ። የካስቲዮ ወንድማማቾችም በዚያው ዓመት ወጡ። አንቶኒዮ ፒኔዳ ተከተለ። ከካስቲዮዎቹ አንዱን አግብታ የነበረችው ማርጎትም በ1948 በራሷ ስም መሥራት ጀመረች። ስፕራትሊንግ ሲወጡ እንቅፋት አልሆነባቸውም። በአንጥረኞቹ መካከል የሥራ ውድድርም ያዘጋጅ ነበር፤ ውድድሩ እያደገ በየዓመቱ የሚከበር የብር በዓል ሆነ። በእኔ ግምት ከአምባሮቹ ሁሉ የሚበልጠው ሥራው እነዚህ ሰዎች ናቸው። አንድ ሰው የከፈተው በር ለአንድ ከተማ እንጀራ ሆነ።

ለራሱ ግን ጊዜው አልሰመረለትም። ድርጅቱ ሲያድግ ገንዘብ አስፈለገው፤ አክሲዮን ተሸጠ። አብዛኛው ድርሻ በአንድ አሜሪካዊ ባለሀብት እጅ ገባ። ስፕራትሊንግ በ1945 በራሱ ስም የሚጠራውን ድርጅት ለቅቆ ወጣ፤ ድርጅቱም ብዙ ሳይቆይ ከሰረ። እሱ ከከተማዋ ወረድ ብሎ በታስኮ ኤል ቪዬሆ ወዳለው እርሻው ሄደ። እዚያ ከጥቂት አንጥረኞች ጋር እንደገና ሀ ብሎ ጀመረ። በእነዚሁ ዓመታት የአላስካ ተወላጆች በራሳቸው ጥበብ እንደ ታስኮ ሰዎች የሚተዳደሩበትን እቅድ አወጣ፤ ጥቂት ወጣቶችም ሜክሲኮ ድረስ መጥተው ተማሩ። እቅዱ ግን ገንዘብ ስላጣ በጅምር ቀረ። የኋለኛው ዘመን ሥራዎቹ ቁጥራቸው ያነሰ፣ መስመራቸው የቀጠነ ነው። እኔ እነዚህን ከመጀመሪያዎቹ አስበልጣለሁ፤ ሰብሳቢዎች ግን ብዙውን ጊዜ በተቃራኒው ነው የሚፈርዱት።

ነሐሴ 7 ቀን 1967 ስፕራትሊንግ በታስኮ አቅራቢያ በመኪና አደጋ ሞተ። የሕይወት ታሪኩን የጻፈበት መጽሐፍ በዚያው ዓመት ታተመ። ከሰበሰባቸው ጥንታዊ ቅርሶች ብዙዎቹ ዛሬ በስሙ በተሰየመው የታስኮ ሙዚየም ይገኛሉ። እርሻውን የገዙት ሰዎችም በእሱ ንድፍ መሥራት ቀጠሉ።

አሁን ወደ ጌጡ ጀርባ እንመለስ። የመጀመሪያው ዘመን ምልክቱ የስሙና የአባቱ ስም መነሻ የሆኑት ደብልዩ እና ኤስ የተባሉት የላቲን ፊደላት ናቸው፤ ቀጥ ባለ የኅትመት ቅርጽ አንዱ ከሌላው ጋር ተጣብቀው ተመትተዋል። በ1950ዎቹ ደግሞ በእጅ ጽሑፍ መልክ እንደተጠላለፉ ሆነው ይታያሉ። ስሙ ብቻውን ግን ለብርነት ማስረጃ አይደለም። በ1940ዎቹ መጀመሪያ ለአንድ የኒው ዮርክ ጌጥ አምራች ንድፍ ሰጥቶ ስለነበር፣ ስሙን የያዙ ሆነው ብር ያልሆኑ ወይም በብር የተለበጡ ጌጦች አሉ። እነዚህ ሐሰተኛ አይባሉም። ገዢው ለምን እንደሚከፍል ማወቅ ብቻ አለበት።

ስሙ የሌለበት ጌጥ ሲገኝ ዘመኑን ሌሎች ምልክቶች ይናገራሉ። በ1930ዎቹ ብዙ ወርክሾፖች ሜክሲኮ እና ብር የሚሉትን ቃላት በእንግሊዝኛ ከመምታት በቀር ቁጥር አይጨምሩም ነበር። ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ መንግሥት ትንሽ የንስር ማኅተም አስገባ፤ በንስሩ ሆድ ላይ ቁጥር አለ። በ1979 ንስሩ ቀርቶ ሁለት ፊደላትና ቁጥር ተተኩ። የመጀመሪያው ፊደል ከተማውን ያመለክታል፤ ለታስኮ ቲ ነው። ሁለተኛው የሠሪው ስም መነሻ ነው። ስለዚህ አንድ ሻጭ የ1930ዎቹ ነው ብሎ ያቀረበው አምባር ሁለት ፊደልና ቁጥር ካለበት ሻጩ ወይ አያውቅም ወይ ሊያታልል ፈልጓል። አልፓካ የሚል ቃል ካለበት ደግሞ ጌጡ የመዳብ፣ የኒኬልና የዚንክ ቅይጥ ነው፤ ብር የለበትም።

ማኅተም መምታት ቀላል ስለሆነ በማኅተም ብቻ አይታመንም። ማግኔት ማስጠጋት አንድ ነገር ይነግራል፤ ብር በማግኔት አይሳብም። መዳብም ነሐስም ስለማይሳቡ ግን ይህ ብቻውን አይበቃም። ብዙ የሚነካውን ጠርዝና የአምባሩን ውስጥ በአጉሊ መነጽር ማየት ይሻላል። በብር የተለበጠ ከሆነ እዚያ ላይ ቢጫ ወይም ቀይ ብረት ብቅ ይላል። ብር ሲያረጅ ይጠቁራል፤ በስንጥቁ ውስጥ አረንጓዴ ዝገት ከበዛ መዳብ የበዛበት ነገር አለ ማለት ነው። በተረፈ ጌጡን ገልብጦ ማየት ነው። ጥሩ ቤት የሠራው ጌጥ ጀርባውም እንደ ፊቱ የተሞረደና የተስተካከለ ነው። አንጥረኞች ፍቀው አሲድ የሚያንጠባጥቡበት ምርመራ እውነቱን ይናገራል፤ ጠባሳ ግን ይተዋል። ስም ባለው ሥራ ላይ ባይደረግ እመርጣለሁ።

ወደ ጥገናው ስንመጣ መጀመሪያ የሚታየው ከዚህ በፊት ማን ነክቶታል የሚለው ነው። በማጠፊያው ወይም በመርፌው ሥር ደብዛዛ ግራጫ እብጠት ካለ አንድ ሰው በቆርቆሮና እርሳስ በይዶታል። ይህ ቅይጥ ከ200 ዲግሪ በታች ይቀልጣል፤ የራዲዮ ጠጋኝ የሚጠቀምበት ዓይነት ነው። ትክክለኛው የብር መበየጃ ግን ወደ 700 ዲግሪ ይፈልጋል። እርሳሱ ሳይወገድ ጌጡ ወደዚያ ሙቀት ከደረሰ እርሳሱ ብሩን ይበላዋል፣ ጉድጓድ ይተዋል። ስለዚህ አንጥረኛው እሳት ከማንሣቱ በፊት አሮጌውን እርሳስ ፍቆ መጨረስ አለበት። ይህን ሲነግሩት ችግር የለም ብሎ በችኮላ ችቦውን ለሚያነሣ ሰው ጌጡን አለመስጠት ነው።

እሳት ሌሎችም ጠላቶች አሉት። አሜቲስት በሙቀት ቀለሙን ያጣል፤ ባልጩት ይሰነጠቃል፤ እንጨትና የኤሊ ቅርፊት ይቃጠላሉ። ድንጋዩ በደኅና ካልወጣ ብየዳ አይታሰብም። የማርጎት ሥራዎች ብዙዎቹ ኢናሜል፣ ማለትም በእሳት የቀለጠ የብርጭቆ ቀለም አላቸው፤ ጀርባው ላይ ያለችን ትንሽ መርፌ ለመበየድ ሲባል ፊቱ በሙሉ ሊፈርስ ይችላል። የካስቲዮ ወንድማማቾች ብርን ከመዳብና ከነሐስ ጋር ጎን ለጎን አጋብተው በመሥራት ይታወቃሉ፤ እዚያ ላይ ያልታሰበ ሙቀት መጋጠሚያዎቹን ይፈታል። ውስጡ ባዶ የሆነ የተዘጋ ጌጥ ደግሞ አየር መውጫ ቀዳዳ ከሌለው ሲሞቅ ሊፈነዳ ይችላል።

እንግዲህ መቼ ይጠገን? ሠሪው ያልታወቀ፣ ለቱሪስት የተሠራ ተራ የብር ጉትቻ ከሆነ ብዙ ማሰብ አያስፈልግም። ይጠገን፣ ይደረግ፤ የተሠራው ለጆሮ ነው። ስም ያለው ሥራ ሲሆን ግን የጥገናው ምክንያት ይጠየቃል። የላላ መርፌ ጌጡን ከልብስ ላይ ሊጥል የሚችል ከሆነ ይጠገን፤ የጠፋ ጌጥ ከተጠገነ ጌጥ አይሻልምና። ትንሽ ጎበጥ ማለት፣ ቀጭን ጭረት፣ በእጅ መዳበስ የመጣ ልስላሴ ግን ይተው። በብሎን የሚጠብቁ የድሮ ጉትቻዎችን ለተበሳ ጆሮ እንዲሆኑ መለወጥ ብዙዎች የሚያደርጉት ነው። የእናት ጉትቻን ልጅ እንድታደርገው ከሆነ አልቃወምም፤ ለመሸጥ ከታሰበ ግን ዋጋውን ይቀንሰዋል።

ከስብራት ይልቅ ብዙ የታስኮ ሥራ ያጠፋው መወልወል ነው። ስፕራትሊንግና ተማሪዎቹ በቅርጹ ጎድጓዳ ላይ ያለውን ጥቁረት ሆን ብለው ነው የሚተዉት፤ የነብሩ ዓይንና ጥፍር የሚለየው በእሱ ነው። ጌጡን ብር በሚያነጣ ፈሳሽ ውስጥ መንከር ያንን ጥቁረት ጠርጎ ይወስዳል፣ ቅርጹም ጠፍጣፋ ሆኖ ይቀራል። በሞተር የሚዞር መወልወያ ደግሞ ጠርዙን ያሟሟል፤ በተደጋጋሚ ሲሆን ማኅተሙንም ይፍቃል። ማኅተሙ የጠፋ የ1930ዎቹ አምባር ማን እንደሠራው በርግጠኝነት መናገር ያስቸግራል። በለስላሳ ጨርቅ ከፍ ያለውን ክፍል ብቻ ማበስ ይበቃል።

ጥገናው የግድ ከሆነ ደግሞ ጌጡ ለአንጥረኛው ከመሰጠቱ በፊት ፊቱም ጀርባውም ማኅተሙም በቅርብ ፎቶ ይነሣ። አንጥረኛው የሚተካው ክፍል ከማኅተሙ ራቅ ብሎ እንዲበየድ ይነገረው። የወጣውን አሮጌ መርፌ ወይም ማጠፊያ ለሚዛን ብር ብሎ እንዳያስቀረው፤ በወረቀት ተጠቅልሎ፣ የተጠገነበት ቀን ተጽፎበት፣ ከጌጡ ጋር በአንድ ሣጥን ይቀመጥ።